የትርፍ አንጀት ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢና ቀዶ ሕክምናው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎንደርና በዙሪያዋ ትርፍ አንጀታቸው ከወጣ በኋላ «ዕጢ ተገኘበት» የተባሉ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው።

ይህ ዕጢ ምንድን ነው?

በትርፍ አንጀት ግድግዳ ውስጥ፣ እንደ ሌላው የአንጀት ክፍል ሁሉ፣ ሆርሞን የሚያመነጩ ጥቃቅን ሴሎች ተበታትነው ይገኛሉ። እነዚህ ሴሎች ከልክ በላይ ተባዝተው አንድ ቦታ ሲከማቹ ጠንከር ያለ፣ ሲቆረጥ ወደ ቢጫ የሚያደላ እብጠት ይሠራሉ። ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ የሚባለው ይኸው ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ዛሬም «ካርሲኖይድ» ብለው ይጽፉታል፤ ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1907 ያወጣው ጀርመናዊው ፓቶሎጂስት ዚግፍሪድ ኦበርንዶርፈር ነው። በአንዱ ወረቀት አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ስም ቢያዩ ሁለት በሽታ አለብኝ ብለው አይስጉ።

ከአሥር ሰዎች በስድስቱ ወይም በሰባቱ ዕጢው የሚገኘው በትርፍ አንጀቱ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ከትልቁ አንጀት ርቆ ስለሚገኝ፣ ትርፍ አንጀቱ ከሥሩ ሲቆረጥ ዕጢው ከበቂ ጤነኛ ሥጋ ጋር አብሮ ይወጣል። ብዙ ሰው ያለ ሁለተኛ ኦፕሬሽን የሚድነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ካንሰር ነው ማለት ነው?

በሕክምናው አመዳደብ ከካንሰር ወገን ነው፤ ወደ ሌላ የአካል ክፍል የመሰራጨት ዐቅም አለው። ነገር ግን አብዛኛው በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግና ገና ትንሽ ሳለ የሚገኝ ነው። በትርፍ አንጀቱ ብቻ ተወስኖ ሙሉ በሙሉ የወጣ ትንሽ ዕጢ የነበረበት ሰው የዕድሜ ተስፋው ከሌላው ሰው እምብዛም አይለይም።

ስለዚህ «ካንሰር ነው» ብሎ ቤተሰብን ማስለቀስም፣ «ምንም አይደለም» ብሎ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ መክተትም ልክ አይደለም። የሚወስኑት መጠኑ፣ ቦታው፣ ደረጃውና የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ መሆኑ ናቸው። እነዚህ እስኪታወቁ ድረስ ማንም ሰው ስለ በሽታው ክብደት እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም።

ማንን ይይዛል? ምን ያመጣዋል?

ትርፍ አንጀታቸው ከሚወጣላቸው 1000 ሰዎች መካከል ከ3 እስከ 9 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። በሴቶች ላይ ጥቂት ይበዛል፤ በወጣትነትም በጎልማሳነትም ይታያል፣ ልጆችንም አይምርም። የቃሪያ ወይም የቲማቲም ፍሬ መዋጥ፣ በልቶ መሮጥ፣ ከባድ ነገር ማንሣት አያመጡትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በጣም ጥቂት በሆኑ ቤተሰቦች ከሚወረስ የሆርሞን ዕጢዎች በሽታ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ልጆችዎንና ወንድሞችዎን ለማስመርመር ምክንያት የለም።

ምልክቱ ምንድን ነው? አልትራሳውንዱ ለምን አላየውም?

የራሱ የሆነ ምልክት የለውም ማለት ይቻላል። ሰው ወደ ሆስፒታል የሚመጣው በተለመደው የትርፍ አንጀት ሕመም ነው፦ እምብርት አካባቢ የሚጀምር ቁርጠት ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ ይወርዳል፤ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋትና ትኩሳት ይከተላሉ። ዕጢው ሕመሙን የሚያመጣው ሥሩ አጠገብ ሆኖ መተላለፊያውን ሲዘጋ ነው። ጫፍ ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ለሕመሙ ተጠያቂ አይደለም፤ በሌላ ምክንያት በተቆጣ ትርፍ አንጀት ውስጥ እንዲያው ተገኝቶ ነው።

አብዛኞቹ ከሽምብራ ፍሬ አይበልጡም። ባበጠና መግል በቋጠረ ትርፍ አንጀት ውስጥ እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር አልትራሳውንድ ቀርቶ ሲቲ ስካንም ሊስተው ይችላል። ስለዚህ «ቀድሞ ለምን አልታየም» ተብሎ የመጀመሪያው ሐኪም ቢወቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ፊት መቅላት፣ ተቅማጥና የመተንፈስ ችግር ያለበት «የካርሲኖይድ ሕመም» የሚባለውም እዚህ ላይ እጅግ ብርቅ ነው፤ የሚታየው ዕጢው ወደ ጉበት ከተሰራጨ በኋላ ነው።

የወጣው ትርፍ አንጀት የግድ ወደ ፓቶሎጂ መላክ አለበት?

አዎ። ይህ ዕጢ በዐይን ተለይቶ የሚታወቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ካልታየ ሳይታወቅ ይቀራል። ከደባርቅ፣ ከመተማ ወይም ከአይከል መጥቶ ሌሊት የተቀደደ ሰው በሦስተኛው ቀን ሲወጣ የፓቶሎጂ ውጤቱ ገና አይደርስም፤ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ይደርቃል፣ ሰውየው ወደ እርሻው ይመለሳል፣ ውጤቱ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ከሆስፒታል ሲወጡ «ናሙናው ተልኳል? ውጤቱን የምወስደው መቼና ከየትኛው ክፍል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የካርድ ቁጥርዎንና የሚሠራ ስልክ ቁጥር ያስመዝግቡ፤ ሩቅ ከሆኑ በከተማው የሚኖር አንድ ዘመድ ይወክሉ።

ናሙናውን ቤተሰብ ወደ ላቦራቶሪ እንዲያደርስ ከተደረገ የሚከተለውን ይጠብቁ። የሚቀመጠው በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ነው፤ የፈሳሹ ብዛት ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። በውሃ፣ በግሉኮስ ወይም በአልኮል ማቆየት፣ ወይም በጓንት ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ መክተት ሴሎቹን ያበላሻል፤ ከተበላሹ በኋላ የሚያስተካክላቸው የለም። ዕቃው ሰፊ አፍ ያለው ይሁን፤ ሲጠነክር በጠባብ ጠርሙስ አይወጣም። ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና ቀን በዕቃው አካል ላይ ይጻፍ እንጂ በክዳኑ ላይ አይሁን፤ ክዳን ይቀያየራል። ፎርማሊን ዐይንንና አፍንጫን ስለሚያቃጥል ዕቃው በደንብ ይከደን፣ ልጆችም አይንኩት።

በፓቶሎጂው ወረቀት ላይ ምን ምን መኖር አለበት?

ወረቀቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሐኪሙ እያንዳንዱን ነጥብ እያመለከተ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁ። መጀመሪያ የሚታየው የዕጢው ትልቁ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ ቦታው፦ ጫፍ፣ መካከል ወይስ ሥር። ከዚያም የተቆረጠበት ጠርዝ ከዕጢ ንጹሕ መሆኑ፣ ዕጢው ትርፍ አንጀቱን ወደያዘው ስባማ ሽፋን (ሜዞአፔንዲክስ) ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ፣ በደምና በሊምፍ ሥሮች ውስጥ የዕጢው ሴሎች መታየታቸው ወይም አለመታየታቸው ይጻፋል።

የመጨረሻው ደረጃው ነው። ይህም ሴሎቹ በምን ፍጥነት እየተከፋፈሉ እንደሆነ የሚለካበት ሲሆን «ኬአይ 67» በሚባል ማቅለሚያ ይታወቃል፦ ከ3 በመቶ በታች ከሆነ ደረጃ 1፣ ከ3 እስከ 20 በመቶ ደረጃ 2፣ ከ20 በመቶ በላይ ደረጃ 3። ዕጢው በእርግጥ ኒውሮኢንዶክራይን መሆኑን ለማረጋገጥ ክሮሞግራኒንና ሲናፕቶፊዚን የተባሉ ማቅለሚያዎችም ይጨመራሉ። እነዚህ ማቅለሚያዎች ናሙናው በታየበት ላቦራቶሪ ካልተሠሩ በሰም ውስጥ የተቀመጠው ናሙና (ብሎኩ) ወደሚሠራበት ቦታ ሊላክ ይችላል። ብሎኩን ሳይሆን ወረቀቱን ብቻ ይዞ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ጉዞውን ከንቱ ያደርገዋል።

«ካርሲኖይድ ተገኝቷል» ብቻ የሚል፣ መጠንና ጠርዝ ያልተጻፈበት ወረቀት ለውሳኔ አይበቃም። ፓቶሎጂስቱ ብሎኩን ዳግም አይቶ እንዲያሟላው መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ትርፍ አንጀቱ ሲመረመር ጫፉ ለቁመቱ ተከፍሎ፣ የሥሩ ጠርዝ ደግሞ ለብቻው ተወስዶ መታየት አለበት። ከመካከሉ አንድ ቁራጭ ብቻ ከታየ ጫፍ ላይ ያለ ዕጢ ያመልጣል፤ ጠርዙም አይታወቅም።

ዕጢው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፣ ጠርዙም ንጹሕ ነው ተባልሁ። ሌላ ኦፕሬሽን ያስፈልገኛል?

አያስፈልግዎትም። ደረጃ 1 ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሕክምናው በመጀመሪያው ኦፕሬሽን ተጠናቅቋል። ኬሞቴራፒ የለም፣ ጨረር የለም፣ በየዓመቱ ሲቲ ስካን መነሣትም አያስፈልግም። «ለማንኛውም» እየተባለ በየስድስት ወሩ የሚደረግ ምርመራ ገንዘብዎንና እንቅልፍዎን ከመውሰድ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው ተባልሁ። ሁለተኛው ኦፕሬሽን ምን ያወጣል? እንዴትስ ይሠራል?

ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ በአካባቢው ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች (በጤነኛ ሰውም የሚገኙ ጥቃቅን የሰውነት መከላከያ ክፍሎች) ውስጥ የዕጢው ሴሎች የመገኘታቸው ዕድል ስለሚጨምር «የቀኝ ሄሚኮሌክቶሚ» የሚባለው ኦፕሬሽን ይመከራል። የሚወጣው የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ (ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ)፣ ትርፍ አንጀቱ ተያይዞ የነበረበት የትልቁ አንጀት መነሻ፣ ወደ ላይ የሚወጣው የቀኝ ክፍልና እስከ ተሻጋሪው አንጀት መጀመሪያ ያለው ነው። ዋናው ዓላማ ግን አንጀቱን ማሳጠር አይደለም፤ ከአንጀቱ ጀርባ ባለው ስብ ውስጥ የተሰገሰጉትን የሊምፍ ዕጢዎች ማውጣት ነው። ስለዚህ ሰርጅኑ ለቦታው ደም የሚያመላልሰውን ሥር ከመነሻው አጠገብ አስሮ ይቆርጣል። ፓቶሎጂስቱ ቢያንስ 12 የሊምፍ ዕጢዎችን አግኝቶ ቢያይ መልካም ነው።

ከኦፕሬሽኑ በፊት የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን ይነሣል፤ ጉበቱ መታየት አለበት። የሄሞግሎቢን፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራ ይሠራል፣ ደም ይዘጋጃል። ብዙ ሰው ደም ሲባል ይደነግጣል፤ ሁሉም ይሰጠዋል ማለት ሳይሆን ቢያስፈልግ እንዳይታጣ ነው፤ ሁለት ቤተሰብ አስቀድሞ ደም ቢለግስ ጊዜ ይቆጥባል። ኦፕሬሽኑ በሙሉ ማደንዘዣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ሰርጅኑ አንጀቱን ከጀርባው ሲያላቅቅ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደውን ቱቦና ዱዶነም የተባለውን የቀጭን አንጀት ክፍል እንዳይነካ በዐይኑ አይቶ ይለያቸዋል። በመጨረሻ ቀጭኑ አንጀት ከተሻጋሪው አንጀት ጋር በእጅ ወይም በስቴፕለር ይገናኛል። አንጀት በሆድ ላይ ወጥቶ በከረጢት መጸዳዳት በዚህ ኦፕሬሽን ከስንት አንድ የሚያጋጥም ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፦ የመጀመሪያው ኦፕሬሽን መግል ወይም መፈንዳት ከነበረበት ሆዱ እስኪረጋጋ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ይሻላል፤ የተቆጣ አንጀት ስፌት አይዝም። ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ይህ መዘግየት አይጎዳም፤ ሆኖም ከሦስት ወር ባይዘል ይመረጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ተጠቃሚ ከሆኑ መታወቂያዎን ያሳድሱ፤ የሪፈር ወረቀትም ከጤና ጣቢያዎ ወይም ከወረዳ ሆስፒታልዎ ይያዙ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ከሄዱ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ዕጢዬ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዱ ሐኪም «ይቀደድ»፣ ሌላው «ይቅር» አሉኝ። የትኛውን ልስማ?

ሐኪሞቹ የተለያዩት አንዱ ስላላወቀ አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ ሲከራከርበት የኖረ መካከለኛ ቦታ ነው። ለዓመታት በዚህ መጠን ላይ ዕጢው ሥር ላይ ከሆነ፣ ጠርዙ ንጹሕ ካልሆነ፣ ወደ ስባማው ሽፋን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከገባ፣ በደም ወይም በሊምፍ ሥሮች ውስጥ ከታየ ወይም ደረጃ 2 ከሆነ ሄሚኮሌክቶሚ ይመከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከ15 የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰቡ 278 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ታትሟል። ዕጢያቸው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው መካከል ትርፍ አንጀቱ ብቻ የወጣላቸውና ሄሚኮሌክቶሚ የተሠራላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ልዩነት አላሳየም። ሄሚኮሌክቶሚ ከተሠራላቸው ከአምስቱ በአንዱ የሊምፍ ዕጢ ላይ ሴሎች ተገኝተዋል። ትርፍ አንጀታቸው ብቻ በወጣላቸውም ሳይወጡ የቀሩ እንደሚኖሩ ይገመታል፤ ይሁን እንጂ ይህ ዕድሜያቸውን አላሳጠረውም።

ስለዚህ ዕጢው ከጫፍ ወይም ከመካከል ከሆነ፣ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነና ደረጃው 1 ከሆነ ትልቁን ኦፕሬሽን መተው ዛሬ ጠንካራ መሠረት አለው። ጠርዙ ንጹሕ ካልሆነ ግን ክርክር የለም፤ የቀረው መውጣት አለበት። አንዳንድ ጊዜ የትልቁን አንጀት መነሻ ጥቂት ብቻ ቆርጦ ማውጣትም ይበቃል። በእነዚህ መካከል ላለው፣ ለምሳሌ ደረጃ 2 ለሆነ ወይም በሥሮች ውስጥ ለታየ፣ የሚወስኑት ዕድሜ፣ ሌላ በሽታ መኖሩና የሰውየው ምርጫ ናቸው። የ25 ዓመት ጤነኛ ወጣትና የልብ ሕመም ያለባቸው የ75 ዓመት አዛውንት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጣቸውም። ሐኪሙን «ባልቀደድ የመመለስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ብቀደድስ በእኔ ዕድሜና ጤና አደጋው ምን ያህል ነው?» ብለው ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠይቁ። ሰርጅን፣ ፓቶሎጂስትና የካንሰር ሐኪም አብረው እንዲያዩት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከትልቁ ኦፕሬሽን በኋላ ምን ሊበላሽ ይችላል?

ከሁሉም የሚያሰጋው የአንጀቱ መገጣጠሚያ ማፍሰስ ነው። በተለያዩ ጥናቶች ከመቶ ሰዎች ከ2 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከኦፕሬሽኑ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው። ምልክቱ ሊሻልዎት ሲገባ መባስ ነው፦ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ መነፋትና እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ ከጀመረ በኋላ የሚቆም ጋዝ። ይህ ሲሆን በቤት የሚጠበቅ ነገር የለም። ከሆስፒታል የወጡት በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ከሆነና ቤትዎ ሩቅ ገጠር ከሆነ፣ ለጥቂት ቀናት አዘዞ ወይም ጎንደር ከተማ ዘመድ ዘንድ መክረም ሕይወት ሊያድን የሚችል ጥንቃቄ ነው።

ሌላው የቁስል መመርቀዝ ነው፤ ቁስሉ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ፈሳሽ ያወጣል። አንጀት ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ቀርቶ ማስመለስም ያጋጥማል። የእግር ደም መርጋትን ለመከላከል ከኦፕሬሽኑ ማግስት ጀምሮ ተነሥቶ መራመድ ይገባል። «ስፌቱ ይፈታል» ብለው የሚያስተኙ አስታማሚዎች በጎ አስበው ይጎዳሉ፤ በመራመድ የሚፈታ ስፌት የለም፤ በመተኛት የሚረጋ ደም ግን አለ። ሲያስልዎ ትራስ ሆድዎ ላይ ይጫኑ።

ጸበል ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ ሆኖም ቁስሉ ደርቆ ስፌቱ እስኪወጣ መጠመቅ ይቆይ፤ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላም በአንድ ጊዜ ብዙ መጠን ከመጠጣት ጥቂት በጥቂት ይሁን።

ምን ልብላ? ጾምስ?

ትርፍ አንጀቱ ብቻ ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የተለመደውን ምግብ መብላት ይቻላል። ከሄሚኮሌክቶሚ በኋላ ግን በአጥሚትና በሾርባ ይጀመራል፤ ከዚያ ለስላሳ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ሩዝ፣ በሚገባ የበሰለ ሽሮ ከለስላሳ እንጀራ ጋር። በመጀመሪያው ወር ቆሎ፣ ያልበሰለ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣና ቁርጥ ሥጋ ይቆዩ። በቀን ሦስት ጊዜ ብዙ ከመብላት አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ይቀላል።

ለሳምንታት ሰገራ መላላት የተለመደ ነው፤ የትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍል ውሃ ይመጥ ነበርና። ከምግብ በኋላ እየቸኮለ የሚመጣ፣ ቢጫ፣ የሚያቃጥል ተቅማጥ ከወራት በኋላም ካላቆመ ምክንያቱ የሐሞት አሲድ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የተለየ መድኃኒት ስላለ ዝም ብለው አይቻሉት።

ጾምን በተመለከተ ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚገኘውም ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣና ከወተት ነው። በተለመደው ሄሚኮሌክቶሚ የሚወጣው አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው አይጎድልበትም፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ግን አደጋው ይጨምራል። በዚህ ላይ ዓቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን ሙሉ በሙሉ የሚጾም ሰው በዓመቱ ለብዙ ወራት ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ቫይታሚኑ ቀስ በቀስ ያልቃል። በጉበት የተከማቸው ለዓመታት ስለሚቆይ ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፤ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ በድካም፣ በእግር መደንዘዝና በደም ማነስ ይገለጣል። መፍትሔው ጾምን መተው አይደለም። ሰርጅኑ ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳወጣ ይጠይቁ፣ ሄሞግሎቢንዎን በዓመት አንድ ጊዜ ያስለኩ፤ ጉድለት ከታየ 1000 ማይክሮግራም ቢ12 በመርፌ በሐኪም ትዕዛዝ ይወሰዳል። ቁስሉ እስኪድን ያለውን ጊዜ በተመለከተ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ጊዜው በረመዳን ላይ የሚወድቅባቸውም ከሐኪማቸውና ከሃይማኖት አባታቸው ጋር እንዲሁ።

ወደ ሥራ መቼ እመለሳለሁ? መውለድስ እችላለሁ?

ቀላል ሥራ ከትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን በኋላ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጀመራል። ማረስ፣ ማጨድ፣ እንስራ ወይም ኩንታል መሸከም ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ፤ ሆድ በሰፊው ከተከፈተ እስከ ስምንት ሳምንት። አስቀድሞ መሸከም በስፌቱ በኩል ሄርኒያ (የአንጀት በላላ የሆድ ግድግዳ ገፍቶ መውጣት) ያመጣል። ዕጢው ማርገዝን አይከለክልም፤ ከትልቁ ኦፕሬሽን በኋላ ግን ጥቂት ወራት መቆየት ይመከራል።

ክትትሉ እንዴት ነው? የደምና የሽንት ምርመራውስ?

ትልቅ ዕጢ የነበረበት፣ የሊምፍ ዕጢ የተነካበት ወይም ደረጃው ከፍ ያለ ሰው በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ይታያል፤ የሆድ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይነሣል። ይህ ዕጢ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል «አምስት ዓመት ሞላኝ» ብሎ ማቋረጥ ልክ አይደለም።

ክሮሞግራኒን ኤ የሚባለው የደም ምርመራ ሲታዘዝ ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ። የጨጓራ መድኃኒቱ ውጤቱን ያለ ዕጢ ከፍ ያደርገዋል፤ ጨጓራ የማያመው ሰው በማይገኝበት አገር ደግሞ በዚህ ምክንያት በከንቱ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይቆማል። የ24 ሰዓት ሽንት ሲሰበሰብ ደግሞ ከሁለት ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስና ቲማቲም አይበሉ። ምልክት ለሌለውና ዕጢው በትርፍ አንጀቱ ብቻ ለነበረ ሰው ግን ሁለቱም ምርመራዎች አያስፈልጉም።

ኬሞቴራፒ ያስፈልገኛል?

ሙሉ በሙሉ ለወጣ ደረጃ 1 ወይም 2 ዕጢ አያስፈልግም፤ የሊምፍ ዕጢ ቢነካም እንኳ ጥቅሙ አልታየም። ወደ ጉበት ለተሰራጨው እንደ ኦክትሬኦታይድ ያሉ በወር አንድ ጊዜ የሚሰጡ መርፌዎች አሉ፤ ያ ሌላ ምዕራፍ ነው።

ልጄ የ12 ዓመት ነው። ለልጆችም ሕጉ አንድ ነው?

በልጆች ላይ ይህ ዕጢ ከአዋቂዎችም ይልቅ የዋህ ነው። ትርፍ አንጀቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ አብዛኞቹ በዚያው ይድናሉ፤ ከአዋቂ ሰንጠረዥ ላይ ቁጥር አንብቦ ልጅን ለትልቅ ኦፕሬሽን ማቅረብ አይገባም። ውሳኔው የልጆች ሰርጅን ይሁን።

ወረቀቴ ላይ «ጎብሌት ሴል» የሚል ቃል አለ። ያው ነው?

አይደለም፤ ይህ ልዩነት እንዳይታለፍ። ቀድሞ «ጎብሌት ሴል ካርሲኖይድ» ይባል ስለነበር ብዙዎች ከዚህኛው ጋር ያምታቱታል። ዛሬ «ጎብሌት ሴል አዴኖካርሲኖማ» ተብሎ ከተለመደው የአንጀት ካንሰር ወገን ተመድቧል። የሚሰራጨው በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቢሆንም ሄሚኮሌክቶሚ ይመከርለታል፤ ኬሞቴራፒም ሊከተል ይችላል። ከላይ ስለ 1 ሴንቲ ሜትር የተባለው አይመለከተውም። ቃሉን ካዩ ወደ ሰርጅኑና ወደ ካንሰር ሐኪም ለመቅረብ ጊዜ አይውሰዱ።

ትርፍ አንጀቴ «ጓጉሏል» ተብሎ ሳይቀደድ በመድኃኒት ተሻለኝ። አሁን ምን ላድርግ?

ዘግይቶ የመጣ ሕመም በዙሪያው ያለው አንጀትና ስብ ተጣብቆ ጠንካራ ጉብታ ሲሠራ፣ ወዲያው ከመቅደድ በአንቲባዮቲክ ማቀዝቀዝ ትክክለኛ ሕክምና ነው። ነገር ግን ትርፍ አንጀቱ ውስጥ ምን እንደነበር አልታወቀም። ዕድሜዎ ከ40 በላይ ከሆነ በውስጡ ዕጢ የመኖሩ ዕድል ከወጣቶቹ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሲሻልዎ ሲቲ ስካንና ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት)፣ ከዚያም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ትርፍ አንጀቱን አስወጥቶ ለፓቶሎጂ መላክ ይመከራል። ጉብታው ከስምንት ሳምንት በኋላም ካልጠፋ ዕድሜዎ ምንም ይሁን ምን ይመርመር።

ሰርጅኑ በኦፕሬሽኑ መካከል ዕጢ ቢያይ ለምን እዚያው ሁሉንም አያወጣም?

በዚያ ሰዓት ደረጃው፣ ትክክለኛ መጠኑና የጠርዙ ሁኔታ አይታወቅም፤ የተቆጣ ትርፍ አንጀት በራሱ ዕጢ ሊመስል ይችላል። ሌሊት በድንገተኛ፣ ሆዱ በመግል ተበክሎ ሳለ አንጀት ቆርጦ ማገናኘት የማፍሰስ አደጋውን ያበዛዋል፤ ሕመምተኛውም ለትልቁ ኦፕሬሽን አልፈረመም። ስለዚህ ጥሩ ሰርጅን ትርፍ አንጀቱን ሳይጨፈልቅ ከነስባማ ሽፋኑ ያወጣል፣ ሥሩን ወደ ትልቁ አንጀት አስጠግቶ ይቆርጣል። ሁኔታው ከፈቀደም ጉበቱን፣ በአካባቢው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎችና ቀጭኑን አንጀት ይዳስሳል፤ ሌላ ተመሳሳይ ዕጢ በቀጭኑ አንጀት ሊኖር ይችላልና። ያየውን ሁሉ በኦፕሬሽን ማስታወሻው ላይ ይጽፋል። የዚያን ማስታወሻ ቅጂ ከፓቶሎጂው ወረቀት ጋር አብረው ይያዙ፤ ሁለተኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እነዚህን ሁለቱን ነው።

ትርፍ አንጀቴ ከዓመታት በፊት ወጥቶ ውጤቱን አልወሰድሁም። አሁን ማግኘት ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ይቻላል። የፓቶሎጂ ክፍሎች ብሎኮችንና ስላይዶችን ለዓመታት ያስቀምጣሉ፤ ኦፕሬሽኑ የተሠራበትን ዓመት፣ በዚያን ጊዜ ያስመዘገቡትን ሙሉ ስም ከነአያት ስም፣ ከተገኘም የካርድ ቁጥሩን ይዘው ይቅረቡ። ናሙናው ሳይላክ ቀርቶ ከሆነና ሕመም ከሌለዎት፣ ስለ አንድ ያልታየ ትርፍ አንጀት ብሎ መመርመር አያስፈልግም። የሚቀጥል ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ ወይም በታችኛው ቀኝ ሆድ የሚዳሰስ ጉብታ ካለ ግን የቀድሞውን ኦፕሬሽን ጠቅሰው ለሐኪም ይታዩ።